ወደ ግራ ያዘነበለ መኪና

«የቆመ መኪና ነው እኮ፤ ማንም አይጠቀምበትም።»

ባሏ ይህን ያለው ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆሞ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሸጉጦ፣ የሸሚዙን እጅጌ እየቆለፈ ነበር። እሷ ደግሞ ግቢው ውስጥ፣ ከዚያው ማንም አይጠቀምበትም ከተባለው መኪና የኋላ በር አጠገብ ቆማ ለአማቷ፣ ለባሏ አባት፣ ሻይ እያቀበለች ነበር። አማቷ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ልጃቸው ያለውን ይስሙት አይስሙት ከፊታቸው አይነበብም፤ ትንሿ ሬዲዮ ጭናቸው ላይ ሆና ስለ አየሩ ጠባይ ታወራለች። «ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነው ልጄ» አሏት፤ «የታጠበ ልብስ ካለሽ ዛሬ አስጪው።»

የኋላው ወንበር መኖሪያ ክፍል ከሆነ ሰንብቷል። በቀኙ በር ላይ ትራስ ተደግፏል፤ ብርድ ልብሱ ታጥፎ እግራቸው ሥር ይቀመጣል፤ መነጽራቸው ከበሩ በላይ ካለው መያዣ ላይ በክር ተንጠልጥሏል፤ ሸሚዞቻቸው ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ፣ በፌስታል ታስረው ይኖራሉ። ማንም ተነሥቶ መኪና ውስጥ ይኑሩ ያላቸው የለም። ክፍላቸው ሲከራይ ሳሎን ሶፋው ላይ እንዲያድሩ ነበር የተነገራቸው። ሳሎን ደግሞ ቴሌቪዥን አለ፣ እንግዳ አለ፣ ባሏ ከቢሮ ይዞት የሚመጣው ወረቀት አለ። ቀን ቀን ጸጥታ ፍለጋ ወደ መኪናው ይሄዱ ጀመር። አንድ ምሽት እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ባሏ «ከተኙማ ምን ያስቀሰቅሳቸዋል» አለ፤ በማግሥቱም የቀሰቀሳቸው የለም። የግቢውን ሽንት ቤት ተከራይዋ «ሽማግሌው አበላሹት» ብላ ስላጉረመረመች ቁልፍ ተገዛለት፤ መክፈቻው ከሳሎኑ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የሳሎኑ በር ደግሞ ሌባ በዝቷል ተብሎ ከእራት በኋላ በብረት መወርወሪያ ይዘጋል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ በቂ ምክንያት ነበረው። አንድ ላይ ሲሆን ግን እኒያ ሽማግሌ ሌሊት ሽንታቸው ሲመጣ ከግራው በር ወርደው ጎማው አጠገብ ከመቆም በቀር የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም፤ ወይም የሚያውቀው ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት፣ ተከራይዋ ከመውጣቷ በፊት፣ ማታ የሞላችውን ባልዲ ታነሣና በረኪና ጨምራበት ከኋላው የግራ ጎማ ላይ፣ ከጎማውም በላይ ወዳለው የመኪናው ሆድ ትደፋዋለች። ከዚያ በመጥረጊያ እየገፋች ወደ ቦዩ ትሰደዋለች። አማቷ በዚያ ሰዓት ነቅተዋል፤ ነገር ግን ፊታቸውን ወደ ቀኙ መስኮት አዙረው የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። ስትጨርስ ሬዲዮው ዝቅ ይላል፤ እሳቸውም ገና አሁን እንዳዩዋት ሁሉ «ደህና አደርሽ ልጄ» ይሏታል። በሁለቱ መካከል ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም።

ባሏ ስልኩን ዘግቶ ወጣ። «ደህና አደሩ አባባ» ብሎ በመስኮቱ በኩል ሰላምታ ሰጠና እሷን በዓይኑ ወደ ውሃ ቧንቧው ጠራት።

«ባለ ዳቦ ቤቱ ትናንት አይቶት ሄዷል። ከኋላ በግራ በኩል ዝቅ ብሏል ይላል። የራሴ መካኒክ ካላየው አልገዛም አለ።»

«እኔ ልውሰደው?»

«እኔ ስብሰባ አለብኝ። አባባን አውርጃቸውና ሂጂ።»

«እሺ ካሉ።»

«መኪናው እዚህ እስካለ እሺ የሚሉት ነገር የለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ መኪናው ይሂድ፣ ቅዳሜ እሳቸውን የአረጋውያን መጦሪያው እናደርሳቸዋለን። አልጋ ተይዞላቸዋል። ነርስ አለ፣ የሚያጫውታቸው እኩያ አለ። መኪና ውስጥ ከማደር አይሻልም?»

ይሻላል። ክፋቱም ይኸው መሻሉ ነበር። ከውጭ ስትመለስ «ገባሽ ልጄ?» የሚላት ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ ከሳቸው ሌላ የለም፤ ከሚበሉት ዳቦ ለስላሳውን ቆርሰው የሚያስቀምጡላት እሳቸው ናቸው፤ ሰማዩ ሲጠቁር «ልብሱን አስገቢ» ብለው የመኪናውን መስኮት የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ይህ ደግሞ ከነርስና ከአልጋ ጋር የሚነጻጸር ነገር አይደለም። ለአማቷ ስለ ቅዳሜ የነገራቸው የለም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ቁልፉን ይዛ ወደ መኪናው ስትራመድ የመኪናው በሽታ የማይድን እንዲሆን ተመኘች።

አማቷ አልወረዱም። ጋራዥ መሆኑን ሲሰሙ ኮታቸውን አጠለቁ፣ እስከ አንገታቸው ቆለፉት። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መቀመጫቸውም እንዲህ ከኋላው በር አጠገብ ነበር። «መኪና ያለ ትኬት ቆራጭ አይነዳም» አሏት፤ «ሹፌር ከኋላው ምን እንደቀረ በምን ያውቃል?» በሩን ስበው ዘጉት፣ ጣሪያውን ከውስጥ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ እንደ ድሮውም ጮክ ብለው «የቀረ አለ?» አሉ።

«የለም አባባ።»

«ሳበው!»

ብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ስለሆነ ሲነሣ አስነጠሰ። መንገድ ላይ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ከኋላ በግራ በኩል ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማታል። አማቷ የሱቆቹን ጽሑፍ እያነበቡላት ሄዱ፤ የሻማ ፋብሪካው ሆቴል ሆኗል፣ ጫማ ሰፊው የነበረበት ስልክ ይጠገንበታል። አንድ ፌርማታ ላይ ሰው ተሰልፎ ሲያዩ «ይሄ ሁሉ ሰው ትርፍ ነው፣ አልጭንም» ብለው ሳቁ። በመስታወቱ አየቻቸው። መስኮቱን ገርበብ አድርገው ነፋሱ ጥቂት ጸጉራቸውን ያነሣዋል። ወደ ሽርሽር የሚሄድ ሰው ይመስላሉ።

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ወገን ብየዳ ቤት፣ በሌላው ወገን ፍራሽ መስፊያ ያለበት ግቢ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ ቀድሟት ደርሷል፤ አጭርና ሞላ ያለ፣ ዱቄት ከጥፍሩ ሥር የማይለቅ፣ ሁሉንም ነገር በእጁ እየዳሰሰ የሚያምን ሰው። መካኒኩ ረጅም ነው፤ ሲያወራ ሰውን ሳይሆን መኪናውን ያያል። ገና ሳትወርድ እጁን አውለበለበላት።

«ከዚያ ጭቃ ላይ አውጪልኝ እህቴ፤ ወደ ሲሚንቶው አምጪው። መሬቱ ራሱ ካዘነበለ መኪናውን ምን ብለን እንከሰዋለን?»

ሲሚንቶው ላይ አቆመችው። መካኒኩ መጀመሪያ የጎማዎቹን ነፋስ ለካ፣ እኩል ናቸው፤ ጎማዎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውንም ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተና አማቷን አገኘ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መኪናው ባዶ ካልሆነ አይለካም።»

«እኔ ምን ያህል ብመዝን ነው?»

«እርስዎማ ላባ ነዎት፤ ሥራው ግን ላባም አይወድም።»

አማቷ ሳቁና ወረዱ። ግድግዳው ሥር ከሆነ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር ነበር፤ እዚያ ላይ፣ ከግራው ጫፍ፣ ተቀመጡ። ቀጥሎ ዕቃቸው ወጣ። ትራሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ባትሪዋ በላስቲክ የታሰረች ሬዲዮ፣ ነጠላ ጫማው፣ የውሃ ጠርሙሱ፣ ማንኪያው፣ ሸሚዞቹ የታሰሩበት ፌስታል፤ ሁሉም በየተራ ግቢው መሃል በተዘረጋ ካርቶን ላይ ተደረደረ። ቤት ውስጥ ሳለ ያን ያህል ብዙ አይመስልም ነበር። ባለ ዳቦ ቤቱ ዕቃውን ትንሽ ተመለከተና «ሽርሽር ታዘወትራላችሁ እንዴ?» አላት። «አዎ» አለች። አማቷ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

መካኒኩ ሜትር ዘረጋ፤ ጫፉን እሷ ያዘችለት። ከጎማው መሃል እስከ ጎማው ክዳን፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በቀኝ ለካ፣ በግራ ለካ፣ ሁለተኛም ደገመው። ሜትሩን ጠቅልሎ ልዩነቱን በጣቶቹ አሳያቸው፤ አራት ጣት ያህል ነው።

«አሞርዛተር ነዋ» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ። «የኔ የድሮውም እንዲሁ ነበር ያደረገው።»

«የአንተ የድሮውን መኪና ዱቄት ነው የገደለው።» መካኒኩ ሁለት እጁን በመኪናው የግራ ጥግ ላይ አሳርፎ በሙሉ ክብደቱ ተጫነና ለቀቀው። መኪናው ተነሣ፣ ወረደ፣ ጸጥ አለ። «አየህ? አሞርዛተሩ ቢሞት ኖሮ እንደ ጀልባ ይዋልል ነበር። ደግሞም አሞርዛተር መኪና አይሸከምም፤ ንጥረቱን ነው የሚይዘው። ሸክሙ የሞላው፣ የዚያ ጥምዝምዝ ብረት ነው።» ከዚያ ወደ ፊት ዞሮ ማንሻውን፣ ክሪኩን፣ ከፊተኛው አካል መሃል ሥር አስገባ። አንዳንዴ በሽታው ከፊት ሆኖ መኪናው ከኋላ ያነክሳል አላቸው፤ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ከተነሡ ግን የኋላው በራሱ ብቻ ስለሚቆም ማን እንዳጠፋ ይታወቃል። ፊቱ ተነሣ። የኋላው እንዳለ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ቀረ። «የራሱ ጥፋት ነው» አለ መካኒኩ።

እሷ እያንዳንዱን ነገር በጥሞና ትከታተል ነበር። የመኪና ነገር ገብቷት አያውቅም፤ አሁን ግን የሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እንደቆመች ሴት ሆና የሰውየውን ፊት ታነባለች። «የሥሩ አጥንት፣ ሻንሲ የምትሉት፣ ተጣሞ ቢሆንስ?» ስትል ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ሻጭ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

«ተጣሞ ከሆነማ እኔ ራሴ አላስገዛውም» አለ መካኒኩ። «ግጭት አለው እንዴ?»

«አላውቅም። ቢታይ ብዬ ነው።»

ከታች ገባ። ከሥር ሆኖ በአንድ ሰያፍ ለካ፣ በሌላው ሰያፍ ለካ፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። በዚያ መሃል ባለ ዳቦ ቤቱ ከአማቷ ጎን ቁጢጥ ብሎ ጨዋታ ጀመረ። አማቷ ዳቦ ስንት እንደገባ ጠየቁት፤ ነገራቸው። «በኛ ጊዜ በዚህ ዋጋ ሰው የወር ትኬት ገዝቶ መልስ ይቀበል ነበር» አሉት። «በእናንተ ጊዜ ዱቄቱም ዱቄት ነበር አባባ» አላቸው። ተግባብተው ሳቁ። ሰውየው ክፉ ሰው አለመሆኑ ነገሩን አባሰባት። መካኒኩ ከመኪናው ሥር «ቀጥ ያለ ነው» ብሎ ሲጮህ ባለ ዳቦ ቤቱ ጭኑን መታ አደረገ፤ እሷ የያዘችው ቁልፍ ላይ አጎነበሰች።

ከዚያ ኋላው በክሪክ ተነሣ፣ ድጋፍ ገባለት፣ የግራው ጎማ ተፈታ። ከመሃል የሚታየውን ሞላ መካኒኩ በመብራት አየው። የታችኛው ጥምዝ የለም። ተሰብሮ ቁራጩ በሞላው መቀመጫ ላይ እንደ ጥርስ ወድቋል፤ የቀረው ሞላ ዝቅ ብሎ በዚያ ላይ ተቀምጧል። ዝገቱ ደግሞ ሞላው ላይ ብቻ አልነበረም። በጎማው ጉድጓድ ውስጥ፣ በበሩ ታች፣ በወለሉ ጠርዝ ላይ ብረቱ እንደ ቅጠል ተላልጧል። ጠፍጣፋ ዊንታ መፍቻ አስገብቶ ጫር ሲያደርገው ቡናማ ፍርፋሪ ሲሚንቶው ላይ ረገፈ። ቀኙን ጎማ ፈትቶ አየ፤ እዚያ ከአቧራ በቀር ምንም የለም፤ የፋብሪካው ቀለም እንኳ አለ።

«ይሄ የመንገድ ውሃ አይደለም» አለ። «የመንገድ ውሃ ቀኝና ግራ አይለይም።» ጣቱን ዝገቱ ላይ አሽቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ፊቱን አጨማደደና ራቅ አደረገው። ባለ ዳቦ ቤቱም ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ቀጥሎ የበሩን ምንጣፍ ገለጥ አድርጎ አሸተተ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል።

«ይሄ ሽታ የምንድን ነው?»

ምንጣፉን መልሶ ዝግ ብሎ ቀጠለ። «እህቴ፣ ሞላው ይቀየራል፤ ዝገቱም ይበየዳል፤ እሱ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። እኔ ዳቦ ነው የምጭንበት። እንስሳ ከሆነ አሳጥበዋለሁ፣ ምንጣፉን እጥለዋለሁ፣ አለቀ። በሽተኛ ተኝቶበት ከሆነ ግን ንገሪኝ፤ ሰው ቢሰማ አንድ ዳቦ የሚገዛኝ የለም። አልወስደውም።»

«ውሻ አላችሁ?» አላት መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

የምትፈልገው ነገር እጇ ላይ መጥቶ ነበር። ሰው ነው የኖረበት ብትል ባለ ዳቦ ቤቱ አመስግኖ ይሄዳል፤ ወሬው ደግሞ ሌላውንም ገዢ ያርቀዋል፤ መኪናው ማታ ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ቅዳሜም ቢያንስ ለዚህ ሳምንት ይቀራል። ለመናገር አፏን ከፈተች። ካርቶኑ ላይ ትራሱ በፀሐይ ይታያል፤ ከመሃሉ ራስ የሚያርፍበት ቦታ ወይቧል። ብየዳ ቤት ያሉት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ወደዚህ ያያሉ። አማቷ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ኮታቸው እስከ አንገታቸው እንደተቆለፈ፣ የመጣው ፌርማታ የሳቸው እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«አዎ» አለች። «ውሻ አለን።»

«በል፣ ተገላገልን» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ። «ትልቅ ነው?»

«አርጅቷል።»

«ውሻ አንዴ ቦታ ከለመደ አይለቅም» አለ መካኒኩ፤ «ግን እህቴ፣ ሽንቱ ብቻውን እንዲህ አይበላውም። በረኪና ትደፉበታላችሁ አይደል? ሽታውን ለማጥፋት? በረኪና ብረት ይበላል። ሞላውን የሰበረው ውሻው አይደለም፣ የሚያጥበው ሰው ነው። ማታ ማታ ብታስገቡት ይሻላችሁ ነበር።»

ያን ሁሉ ጠዋት፣ በባዶ ሆዷ፣ እጇ እስኪላጥ የደፋችው ባልዲ ታያት። ማንም እንዳያውቅ ያደረገችው ነገር ነው መኪናውን አጎንብሶ ለሰው ሁሉ ያሳየው።

የቀረው የሥራ ጉዳይ ነበር። ሞላ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ አንዱን ብቻ ከቀየሩት ደግሞ መኪናው ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል ብሎ መካኒኩ ከአንድ የተፈታ መኪና ሁለት አምጥቶ አስገባ። ዝገቱን ጎረቤቱ በያጅ ለመበየድ ለነገ ያዘው። ጎማዎቹ ገቡ፣ ክሪኩ ወረደ፤ ሞላዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ ገፉት፤ ሜትሩ እንደገና ተዘረጋ። እኩል ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ ስታየው የሰው መኪና መሰላት። ባሏ ጋ ደወለች። «የጥገናውን ከዋጋው ላይ ይቀንስ፣ ስጪው፤ ማታ ወረቀቱን እንጨርሳለን» አለ። ቀጥሎም «አባባ አስቸገሩ?» አላት። «አላስቸገሩም» አለች።

ባለ ዳቦ ቤቱ ሊለያዩ ሲሉ ወደ ሞተር ብስክሌቱ ሄዶ ሁለት ፌስታል ይዞ ተመለሰ። በአንዱ ውስጥ ያለው ዳቦ ገና ትኩስ ነው፤ «ይሄ ለርስዎ ነው አባባ» አላቸው። በሌላው ውስጥ ያልተሸጠ፣ የደረቀ ዳቦ ነበር። «ይሄ ደግሞ ለውሻው።»

አማቷ ሁለቱንም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

የተመለሱት በአውቶቡስ ነው። አሁን ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ ሰው ካርዱን ማሽኑ ላይ አስነክቶ ያልፋል። እሷ ብርድ ልብሱንና ትራሱን አቅፋ፣ እሳቸው ሬዲዮዋንና ፌስታሎቹን ይዘው ከኋላው በር አጠገብ ተቀመጡ። በሩ በየፌርማታው እየተነፈሰ በራሱ ይከፈታል፣ በራሱ ይዘጋል፤ አማቷ በተዘጋ ቁጥር ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። አንድ ነገር ልትላቸው ፈልጋ «አባባ» አለች። «ወዬ» አሉ። ትራሱን ጭኗ ላይ አደላደለች። ሁለት ፌርማታ ካለፈ በኋላ እሳቸው በመስኮቱ ወደ ሰማይ እያዩ «የቅዳሜውን አየር ገና አልተናገሩም» አሉ። ብርድ ልብሱን ይበልጥ አቀፈችው። ማን እንደነገራቸው ልትጠይቅ አልደፈረችም። በወጥ ቤቱና በመኪናው መካከል ከአንድ መስኮት በቀር ምን አለ?

ግቢው ሲገቡ የመኪናው ቦታ ባዶ ነው። በቀኝ በኩል ዘይት የጠቆረበት ሲሚንቶ አለ፤ በግራ በኩል ሲሚንቶው በበረኪና ነጥቶ አጥንት መስሏል። ተከራይዋ ልብሷን በዚያ ላይ ለመስቀል ገመድ ወጥራለች፤ ፈገግ ብላ አሳየቻት፤ ቦታው መለቀቁ ለሁሉም ጥሩ ነው አለች። አማቷ ገመዱን ጎንበስ ብለው አልፈው ሳሎን ገቡ፤ ዕቃቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ሳይጠይቁ ከበሩ ሥር አስቀመጡት።

እራት ላይ ባሏ ደስታውን ላለማሳየት ይጠነቀቅ ነበር። ወረቀቱ ተፈርሟል። ለአባቱ ራሱ ሾርባ ቀዳላቸው፣ ከጀርባቸው ትራስ አደላደለላቸው፣ የሶፋውን ምቾት አወራላቸው። ትኩሱ ዳቦ ተቆርሶ ጠረጴዛው ላይ አለ። አማቷ ግን ሌላውን ፌስታል ፈተው ከደረቁ ዳቦ ቆረሱና ሾርባው ውስጥ እየነከሩ፣ እስኪርስ እየጠበቁ፣ ይበሉ ጀመር።

«አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ? ከየት መጣ?»

«የጎረቤት ውሻ ድርሻ ነው» አሉ አማቷ። እሷን አላዩዋትም።

«ታዲያ ለምን ይበሉታል?»

«አርጅቷል፤ አይጨርሰውም።»

ባሏ ወደ እሷ ዞሮ በዓይኑ «ይኸው እንግዲህ፣ አእምሯቸውም» የሚል ምልክት አሳያት። አንገቷን እንደ መነቅነቅ አደረገች። አማቷ የቆረሱትን ጨርሰው፣ ከትኩሱ ዳቦ ለስላሳውን አንሥተው በሳህኗ ጠርዝ ላይ አኖሩላት።

ሳህኑን አጥባ እንደ ልማዷ ባልዲውን ይዛ ወጣች። ውሃ የሚመጣው ማታ ማታ ነው፤ ሰው ሁሉ ለነገው የሚያጠራቅመው በዚህ ሰዓት ነው። ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። የበረኪናውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ላይ ካወረደችው በኋላ ነው ነገ የሚደፋበት ነገር እንደሌለ ትዝ ያላት። ጠርሙሱን እንደያዘች በነጣው ሲሚንቶ ላይ ቆመች። ከጀርባዋ የሳሎኑ መብራት ጠፋ። ቀጥሎ ብረቱ መወርወሪያ ሲንሸራተትና ቦታውን ሲይዝ ሰማች፤ ባሏ መኝታ ቤት የገባች መስሎታል።

ከውስጥ፣ ከሶፋው በኩል፣ ሁለት ጊዜ እንጨት በመዳፍ ተመታ።

«የቀረ አለ?»

«ማንም የለም አባባ» አለ የባሏ ድምፅ። «ይተኙ።»

ልታንኳኳ እጇን አነሣችና መለሰችው። ባልዲው ሞልቶ በእግሯ ሥር ይፈስ ጀመር። «ሳበው» የሚለውን ጠበቀች። ሽማግሌው ግን አላሉም።